ሦስት ሺህ ቃልና አንዲት ግን

ቡሬ ላይ ወልዳ «ያምሮትን አላውቃትም» የምትል ሴት ካለች፣ ወይ ዋሽታለች ወይ ምጡ ራሷን አስቷት ነበር። ያምሮት ንብረት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአዋላጅነት የሠራች ነርስ ናት። እጇ ቀላል ነው፣ ድምጿ ዝግ ያለ ነው፣ ከአፏ ደግሞ «እሺ» አይጠፋም። ምጥ የያዛት ሴት ብትሰድባት «እሺ እናቴ»፣ ባልዮው በር ላይ ቆሞ ቢያንባርቅባት «እሺ ጋሼ»፣ አለቃዋ የእረፍት ቀኗን ቢወስድባት «እሺ»። ጨዋ ልጅ ብሎ ዝም ነው፤ አገሩ ሁሉ ይመርቃታል። እንግዲህ አንድ ቀን ፈተና ላይ የጣላት ይኸው ጨዋነቷ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ንግሥቴ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ ከቻድ ለእረፍት መጣች። ንግሥቴ ወደዚያ የሄደችው በአንድ የውጭ የሕክምና ድርጅት ተቀጥራ ነው። ቁጭ ብለው ሲጫወቱ፣ «ያምሮቴ፣ እዚያ እኮ አዋላጅ የለም» አለቻት። «ምጥ የጠናባት ሴት ሁለት ቀን በግመል ተጭና ነው የምትመጣ። ያንችን እጅ ቢያገኙ በወርቅ በለበጡት። የሚጎድልሽ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። የብቃት ፈተናውን አልፈሽ ወረቀቱን ካሳየሽ ነገ ይወስዱሻል።»

ንግሥቴ ይህን ተናግራ መንገዷን ሄደች። ያቺ በግመል የተጫነች ሴት ግን ከያምሮት ዓይን አልሄድ አለች። ከሰከላ በቃሬዛ መጥታ፣ ግማሽ ሰዓት ዘግይታ፣ እጇ ላይ የሞተችባት አንዲት እናት ነበረች። እሷንና ባለግመሏን አንድ አድርጋ ታስባቸው ጀመር። በሳምንቱ ደብተር ገዛች።

አባቷ ባሉበት ፍኖተ ሰላም ላይ የፈረንሳይኛ አስተማሪ መፈለግ በሐምሌ አቧራ እንደ መፈለግ ነው። እግዜር ሲረዳት ዶክተር ቴዎፍሎስ ተገኙ። በወጣትነታቸው ዳካር ተምረው የመጡ፣ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። ደስ ብሏቸው አስተማሯት፤ ምን ያደርጋል፣ የሚያስታውሱት ቃል ሁሉ ከበረት አይወጣም። የኛ ያምሮት «እንደምን አደሩ» ማለትን ሳትጨርስ ሰኮናን፣ ቀንድን፣ የላም እንግዴ ልጅን በፈረንሳይኛ ጠንቅቃ አወቀች። «ምን ይደረግ፣ ምጥ እንደሆን የላምም የሴትም ያው ነው» ብላ ቀጠለች። ስልኳ ላይ የጫነችው መተግበሪያም ሲያግዛት ከርሞ፣ ኢንተርኔት የጠፋ ጊዜ ዝም አለ። አባቷ የገቡበት ያን ጊዜ ነው።

አያ ንብረት ከፍኖተ ሰላም ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር በርበሬና በቆሎ የሚያርሱ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው አራት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይተዋል፤ አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው ሞፈር ጨበጡ። ቅኔው ይቅር እንጂ ክርክሩ አልቀረም። እሳቸው ሲሟገቱ ለመስማት ሰው ከሌላ ቀበሌ ይመጣል። ከጎረቤታቸው ጋር በአንዲት ግራር ጥላ አሥራ አንድ ዓመት ተካሰዋል፤ ግራሯ ደርቃ ከወደቀች በኋላ እንኳ «ጥላዋ የት ላይ ያርፍ ነበር» በሚል ሁለት ዓመት ጨምረዋል። ለዳኛም ሆነ ለቄስ «እሺ» ብለው አያውቁም። የአገሩ ሰው፣ «እሺ ሲታደል አያ ንብረት ገበያ ሄደው ነበር» እያለ ይቀልድባቸዋል። ከእኒህ ሰው አብራክ ያቺ እሺ ባይ መውጣቷ አይገርምም ትላላችሁ?

ያምሮት በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እሑድ ልታያቸው ትመጣለች። አንድ እሑድ ደብተሯን ይዛ ስታነበንብ ሰሟት።

«ምንድን ነው እንደ ንብ የምታጉረመርሚው?»

«ቃል ነው አባዬ። የፈረንሳይኛ ቃል። ማታ አጠናዋለሁ፣ ጠዋት የለም።»

«በዓይንሽ ስለምታጠኝው ነዋ! ቃል በጆሮ ገብቶ ነው አፍ ላይ የሚያድር። እኛ ቅኔ ቤት ስንት ሺህ የግእዝ ቃል በምን የያዝነው መሰለሽ? ግስ በማውረድ ነው። የኔታ ቃሉን ከነፍቺው ይሰጡናል፣ እኛ እንቀበላለን፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እናወርደዋለን። በይ አምጭው ደብተሩን፤ እናውርድ።»

እንዲህ ሆኖ የፈረንሳይኛ ግስ በጎጃም ተጀመረ። ያምሮት አዲሱን ቃል ከነትርጉሙ ሦስት ጊዜ ታነብላቸዋለች፤ «ሦስት ጊዜ በይው፣ ደንቡ ነው» ይላሉ። ከዚያ ደብተሩን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጠይቋታል።

«ሆድ!»

«ቫንትር!»

«ሕመም!»

«ዱለር!»

«ልደት!»

«ኔሳንስ!»

አንድ ከሳተች ከገጹ ራስ ይመልሷታል። በመንገድ የሚያልፈው ሰው አያ ንብረት «የእንግዴ ልጅ!» ብለው ሲጮኹ፣ ልጅቱ ደግሞ በባዕድ ቋንቋ ስትመልስ እየሰማ ያማትብ ነበር። አንድ ጊዜ ያምሮት፣ «አባዬ፣ ዛሬስ ከመካከል ከመካከል ይጠይቁኝ» ብላ ለመነቻቸው።

«ከወገቡ የሚጀምር ምንጭ አይተሽ ታውቂያለሽ? ግስ ከራሱ ነው የሚወርድ!»

«እሺ አባዬ።»

ልትሄድ ስትነሣ ሁልጊዜ የምትጠይቃቸው ጥያቄ አለ። «ዓይንዎ እንዴት ነው? ባለፈው ያለቅስ ነበር።» እሳቸውም ሁልጊዜ፣ «ደህና ነው፤ ምን ይሆናል» ይሏታል። «እሺ» ትልና ትሄዳለች። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ወፋፍራም ደብተር ሞላ፤ ሦስት ሺህ ቃል። ዶክተር ቴዎፍሎስ ደብተሮቹን አገላብጠው፣ «ልጄ፣ እኔ ዳካር ስገባ የዚህ ሩብ አልነበረኝም» ብለው መሰከሩላት።

በሰኔ አዲስ አበባ ሄዳ ተፈተነች። የማዳመጡም፣ የንባቡም፣ የጽሑፉም ፈተና በሰላም አለፈ። የቀረው የቃል ፈተና ነው። ሁለት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ፀጉራቸው እንደ ባዘቶ የነጣ ፈረንሳዊት ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ የሚጽፍ ወጣት ነው። ለያምሮት የደረሳት ርዕስ «ልጆች አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ስልክ ይያዙ ወይስ አይያዙ» የሚል ነበር። አይያዙ ብላ፣ ምክንያቷን ደርድራ፣ አምሮባት ተናገረች።

«ነገር ግን» አሉ ባለ ነጭ ፀጉሯ ማዳም፣ «ልጁ መንገድ ቢጠፋው ስልኩ አያድነውም?»

ያምሮት አየቻቸው። እናቷ በሕይወት ቢኖሩ በእኒህ ሴት ዕድሜ ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ሽበት ምን ይባላል?

«ልክ ብለዋል ማዳም።»

«እንግዲያው ስልክ መያዙ ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«አዎ ማዳም። ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ቅድም የተናገርሽው ስህተት ነበር?»

«ሳይሆን አይቀርም ማዳም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አሥር ደቂቃ ይፈጃል የተባለው ክርክር በሁለት ደቂቃ አለቀ። ያምሮት እጅ ነሥታ ወጣች። ደስታዋ! ወዲያው ለአባቷ ደውላ፣ «ሴትዮዋ በጣም ወደዱኝ፤ በሁሉም ነገር ተስማማን» አለቻቸው። አያ ንብረትም ለጎረቤት አወሩ፤ የበግ ሙክት እስከ መምረጥ ደርሰው ነበር።

ውጤቱ በሐምሌ መጣ። ከመቶ ስልሳ አንድ። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ ያምሮት ግን ወድቃለች። የቃሉ ፈተና ከሃያ አምስት አራት ተኩል ነበር፤ በአንዱ ክፍል ከአምስት በታች ያገኘ ሰው ሌላውን መቶ ቢያመጣ አይጠቅመውም። ሦስት ሳምንት አባቷ ዘንድ አልሄደችም። የምትሄድበት ፊት አጣች። ቡሬ ላይ ሕፃናቱን እየተቀበለች፣ እሺ እያለች፣ የእረፍት ክፍል ገብታ ታለቅስ ነበር።

ነሐሴ ላይ እንደ ምንም ሄደች። አያ ንብረት ወሬውን ሰምተው ጨረሱና ከመደባቸው ቀና አሉ።

«ቆይ እስቲ፣ እንደገና ንገሪኝ። ሴትዮዋ ‹ስህተት ነበር ወይ› ሲሉሽ ምን አልሽ?»

«‹ሳይሆን አይቀርም› አልኳቸው።»

«ምነው ሸዋ!» ብለው ብድግ አሉ። «የኔ ልጅ! የንብረት ልጅ! ማንም ሳይከሳት ተረታች! እኔ በአንዲት ግራር ጥላ አሥራ አንድ ዓመት ስቆም፣ አንች በራስሽ ነገር ሁለት ደቂቃ መቆም አቃተሽ? ሦስት ሺህ ቃል ይዘሽ ሄደሽ አንዲት ‹ግን› አጣሽ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው አባዬ። እንዴት ብዬ ትልቅ ሰው እቃወማለሁ? እርስዎ አይደሉ ያሳደጉኝ?»

ይህን ስትል ድምጿ ከወትሮው ትንሽ ከፍ አለ። አያ ንብረት ቀስ ብለው ተቀመጡ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነ ነገር ትዝ አላቸው። በአንድ በሬ ነገር ሽማግሌ ተሰብስቦ እሳቸው «በሬው ከጅጋ ገበያ ነው የተገዛ» ብለው ሲከራከሩ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረችው ያምሮት ከጥግ ብድግ ብላ፣ «አባዬ፣ ከፍኖተ ሰላም ነው እኮ!» አለች። ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው በዓይናቸው ገርምመው፣ «ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አፏን ትዘጋለች» ብለው አስወጧት። ሁለት ቀን ሙሉ ሳትናገር ሰነበተች። ከዚያ ወዲያ ከአፏ «እሺ» እንጂ ሌላ አልወጣም። እሳቸውም ልጄ ጨዋ ሆነች ብለው ተደስተው ነበር፤ አበስኩ ገበርኩ!

«ያምሮት» አሏት።

«አቤት።»

«ያ በሬ ከፍኖተ ሰላም ነው የተገዛ። ልክ ነበርሽ።»

ያምሮት ረስተውታል ብላ ነበር። እሷም የረሳች መስላ፣ «የትኛው በሬ አባዬ?» አለቻቸው።

«ታውቂዋለሽ። በይ አሁን አዲስ ደብተር አምጭ።»

አምስተኛው ደብተር ስስ ነው። የሆድና የቀንድ ስም የለበትም፤ ያለበት ሁሉ የመቃወሚያ ቃል ነው። አያ ንብረት ይጠይቃሉ፣ ያምሮት ከዶክተር ቴዎፍሎስ ጠይቃ ታመጣለች። «‹ዳሩ ግን› በእነሱ ምን ይባላል?» «ሱፓንዳን።» «‹ቢሆንም›ስ?» «ካን ሜም።» «‹በአንጻሩ›?» «ኧን ሬቫንሽ።» እያንዳንዱን እንደ መሣሪያ ይመዝኑታል። «‹ቢሆንም› የምትይው ባላጋራሽ እውነት ሲናገር ነው፤ እውነቱን ትሰጭውና ፍርዱን ትከለክይዋለሽ። ‹ዳሩ ግን› ደግሞ እውነቱ ራሱ ሲጎድል ነው። ሳትለይ አታውጭ።»

«ትልቅ ሰው ፊትስ?» አለች።

«ትልቅ ሰው በደረቁ አይቆረጥም። ‹ቃልዎን በማር ላቋርጥ› ትያለሽ። መጀመሪያ ማሩን ቀቢ፣ ከዚያ ቁረጭ። ድሮ ሸንጎ ላይ እኔ ስንት ባላባት በማር ቆርጫለሁ!»

ልምምዱ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። አያ ንብረት ከዘራቸውን መካከል ላይ ያጋድማሉ፤ የሚናገር ሰው ያነሣዋል። ሆን ብለው ይነካኳታል። «ሴት ልጅ ፈረንሳይኛ ምን ያደርግላታል? ምጣድ ነው የሚያምርባት!» ይሏታል።

«እሺ አባዬ።»

«ምን እሺ ትይኛለሽ? አሁን እኮ ሰደብኩሽ! አንሽው ከዘራውን!»

ሁለት ወር ሙሉ ከዘራው ከመሬት በጭንቅ ነበር የሚነሣው። ታነሣዋለች፣ «ቃልዎን በማር» ትላለች፣ ከዚያ ፊታቸውን ታይና ታስቀምጠዋለች። አያ ንብረት ተስፋ ሊቆርጡ ምንም አልቀራቸው።

ኅዳር ገባ። ግቢው በሙሉ የተሰጣ በርበሬ ነው፤ ቀይ ሆኖ፣ ያስነጥሳል። እንደገና የተመዘገበችበት ሁለተኛው ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አያ ንብረት በርበሬው መካከል ቆመው፣ «በቃ ደርቋል፤ ዛሬ ጆንያ ይግባ» አሉ። ያምሮት ጎንበስ ብላ አንዱን አነሣች። ሆዱ ገና እርጥብ ነው፤ ጆንያ ቢገባ በሳምንቱ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋታቸው ነው የሚሻግተው። «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ቃልዎን በማር ላቋርጥ አባዬ» አለች፤ ለራሷም ገረማት። «አልደረቀም።»

«ደርቋል አልኩ! ስንት ዓመት በርበሬ ያየሁ ሰው ነኝ።»

«ልክ ነው፤ እርስዎ ሃምሳ ዓመት አይተዋል፣ እኔ ምንም። ቢሆንም ይኸው ሆዱ እርጥብ ነው። የደረቀ በርበሬ ሲነቀንቁት ፍሬው ይንሿሿል፤ ይህ ዝም ይላል። ደግሞ ትናንት ደመና ነበር፤ ፀሐይ ሳይነካው በምን ደረቀ?»

አያ ንብረት እጃቸውን ዘረጉ። በርበሬውን ተቀብለው ጆሮአቸው ጋ አስጠግተው ነቀነቁት፤ በጣታቸው ዳበሱት፤ ሰበሩት። አልተንኮሻኮሸም። ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሳቅ መጣ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ረታሽኝ!» ብለው ከዘራቸውን አነሥተው እጇ ላይ አኖሩት። ያምሮት ደስታዋ ልክ አጣ። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ቅር አላት፤ በርበሬውን ለምን በጆሮና በጣት አዩት?

«ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«እሺ» አለች። አየ ያምሮት! አንዱን ወንዝ ተሻግራ ሁለተኛው ላይ ቆመች።

በታኅሣሥ እንደገና አዲስ አበባ። እንደገና ያው ክፍል፣ እንደገና እኒያው ባለ ነጭ ፀጉር ማዳም። ርዕሱ «የቤት ሥራ ከትምህርት ቤት ይቅር ወይስ ይቀጥል» የሚል ነው። ያምሮት ይቀጥል፣ ሰው የሚማረው ደጋግሞ ነው ብላ ተናገረች።

«መደጋገም ለበቀቀን ነው» አሉ ማዳም መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው። «በቀቀን ይደጋግማል፤ ግን ምን ያውቃል? አይመስልሽም?»

«ልክ ብለዋል» የሚለው ቃል ጥርሷ ጋ ደርሶ ነበር። እጇን ጉልበቷ ላይ ጨበጠች፤ ከዘራ የጨበጠች ያህል።

«ማዳም፣ ቃልዎን በማር ላቋርጥ» አለች በፈረንሳይኛ።

ወጣቱ ጽሕፈቱን አቆመ። ማዳም ቀና አሉ። «በማር?»

«በእኛ አገር የትልቅ ሰው ቃል በደረቁ አይቆረጥም ማዳም። በቀቀኑ እንደማያውቅ እስማማለሁ። ዳሩ ግን ሰው በቀቀን አይደለም። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ፈረንሳይኛ አይችሉም። ቢሆንም ይህን ሁሉ ቃል ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አስደግመው፣ ከገጹ ራስ እስከ እግሩ አውርደው።»

ማዳም ሦስት ጊዜ በጥያቄ ገፏት፣ ሦስት ጊዜ መለሰች። በመጨረሻ ወጣቱ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ነው ያስቆማቸው። ማዳም ወረቀታቸው ላይ ብዙ ጻፉ።

አውቶቡስ ላይ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ስለ ውጤቱ ማሰብ አልቻለችም። የገዛ ቃሏ ጆሮዋ ላይ ይጮህ ነበር። ሦስት ጊዜ አስደግመው። ከራሱ ጀምረው። ከመካከል ጠይቁኝ ብትላቸው እንቢ ያሏት። በርበሬውን በጣታቸው። አዋላጅ ሆና የሰውን ሁሉ ሕመም ፊቱን አይታ የምታውቅ ሴት፣ የአባቷን አላወቀችም። ደጀን ላይ ሲያርፉ ምግብ አልበላ አላት። ፍኖተ ሰላም ወርዳ አዲስ ደብተር ገዛች። የመጀመሪያ ደብተሯን የላስቲክ ሽፋን አውልቃ ለአዲሱ አለበሰችውና ወደ አባቷ ሄደች።

«እንኳን ደህና ገባሽ! በማር ቆረጥሻቸው?»

«ቆረጥኳቸው አባዬ። አሁን ግስ ያውርዱልኝ። የመጀመሪያውን ደብተር።»

አያ ንብረት ደስ ብሏቸው ደብተሩን ተቀበሉ፤ ላስቲኩን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ ገልጠው፣ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ጎንበስ አሉበት።

«ላም! ቀንድ! ሰኮና!» አሉ። «ምነው ዝም አልሽ? መልሽ እንጂ።»

የያምሮት እንባ ይወርዳል። ገጹ ነጭ ነው፤ አንድ ፊደል የለበትም። እሳቸው ያወርዳሉ፤ «ጡት! ወተት! እንግዴ ልጅ!»

«አባዬ» አለች፤ «ደብተሩ ባዶ ነው።»

ጣታቸውን በገጹ ላይ አሳለፉ፤ የስክሪብቶውን ጭረት ፈልገው አጡት። እንዲያም ሆኖ አያ ንብረት ናቸውና ተሟገቱ። «ያረጀ ዓይን ነው፣ ይፈዛል፤ ያረጀ ሁሉ ይፈዛል። ደህና ነኝ። አንች ወደምትሄጅበት ሂጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ።»

«ቃልዎን በማር ላቋርጥ። ደህና አይደሉም። የዓይን ሞራ ነው፤ ባሕር ዳር በአንድ ቀን ይገፍፉታል። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለተኛውን ደብተር ስንጀምር።»

ሦስት ደብተር ሙሉ፣ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ቃል፣ አንዱን ሳያዩ፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ በጆሯቸው ብቻ ይዘውላታል። «ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ብነግርሽ ፈረንሳይኛውን ጥለሽ እኔን ትይዢ ነበር። አውቅሻለሁ፤ እሺ ባይ ነሽ።»

ያምሮት ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «እኔ ነርስ ሆኜ፣ ደህና ነኝ ባሉኝ ቁጥር እሺ እያልኩ ሄድኩ» አለች። እሳቸውም ራሷን እየዳበሱ፣ «በቃ፣ በቃ፤ ይኸው ዛሬ አላልሽም» አሏት።

ባሕር ዳር አልሄድም ብለው አራት ቀን ተከራከሩ። መኪና ያዞረኛል፣ ከብቱን ማን ያያል፣ ጥምቀት ይለፍ። ያምሮት አራቱንም ቀን መለሰችላቸው፤ ከብቱንም ጎረቤታቸው ሸጋዬ እንድትይዝ አደረገች። በአምስተኛው ቀን አያ ንብረት ከዘራቸውን ሳይናገሩ አነሡና መኪና ወዳለበት ቀድመዋት ሄዱ።

ሞራው ተገፎ ጥር ውስጥ ነው ዓይናቸው የተፈታው። ሐኪሙ ጨርቁን ሲያነሣ ያምሮት ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ብዙ አዩዋት። «ከስተሻል» አሉ። ከዚያ ደብተሮቹን አስመጡና የመጀመሪያውን ገለጡ፣ ሁለተኛውን ገለጡ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይህ ነው ጽሕፈትሽ? በዓይኔ ባየው ኖሮ አንድም ቃል አልይዝም ነበር።»

ያምሮት እየሳቀች ስልኳን ሰጠቻቸው። ውጤቱ የመጣው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ራሳቸው ያንብቡት ብላ ይዛው ቆየች። አያ ንብረት ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። «የቃሉ ፈተና፣ አሥራ ዘጠኝ ከሃያ አምስት። አልፈሻል ማለት ነው?»

«አልፌአለሁ አባዬ።»

«እልልል አትይም እንዴ! ቆይ ግን፣ ስድስቱን ማን በላው? በምን ምክንያት ጎደለ? ይህ ነገር አይታለፍም፤ ይግባኝ እንላለን። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ሄጄ እኒያን ሴትዮ…»

«ቃልዎን በማር ላቋርጥ» አለች ያምሮት እጃቸውን ይዛ። «ይግባኝ አንልም። ከቻድ ደውለውልኛል፤ በመጋቢት እሄዳለሁ። እርስዎም በየወሩ ሸጋዬ ሐኪም ዘንድ ስትወስድዎ ይሄዳሉ፤ በየእሑዱ ስደውል እውነቱን ይነግሩኛል። ደህና ካልሆኑ ደህና ነኝ አይሉኝም።»

አያ ንብረት አፋቸውን ከፈቱ። መልስ ፈለጉ፤ ስንት ሸንጎ የረታ አንደበት ነው፣ መልስ አያጣም። ልጃቸውን አዩዋት። በደንብ ትታያቸው ነበር፤ ዓይኗም፣ እንባዋም፣ ከናፍሯም።

«እሺ» አሉ።